በሞቴ፣ አይነሱ!

ተረቴ ደጅ ቆማለች፤ «ትግባ» በሉ። ምነው ዝም አላችሁ? «ትግባ» በሉ እንጂ! ጎሽ።

ድሮ ድሮ፣ ስልክ ገና ቁልፍ ሳለው፣ በአንድ ጌም ውስጥ ዘለቀ የሚባል ዘላይ ነበረ። ስሙ ዘለቀ ይሁን እንጂ የዘለቀበት ቦታ አልነበረም። ሥራው መሮጥ፣ መዝለል፣ መውደቅ ነው። ሦስት ነፍስ ነበረው። አንዷ ብትጠፋ ከመነሻው ይጀምራል፤ ሁለተኛዋም ብትጠፋ ይጀምራል። ሦስተኛዋ ከጠፋች ግን አለቀ፣ ዘለቀ የሚባል ፍጡር የለም። ወደ ኋላ መመለስም በዚያ አገር የለም፤ መንገዱ ከኋላ እየጠፋ ይመጣል።

በመንገዱ ላይ ገደል፣ በገደሉ አፍ ላይ ጋን፣ በጋኑ ውስጥ እሜቴ ቁልቋል ይኖሩ ነበር። እሜቴ ክፉ አልነበሩም። ጨዋ ናቸው፣ ችግሩም እሱ ነው። ቁጭ ብሎ እንግዳ መቀበል ነውር ነው ተብለው ስላደጉ፣ ሰው በላያቸው ሲዘል «ኖር!» ብለው ብድግ ይላሉ። ሲነሱ እሾሃቸውም አብሮ ይነሳል። «ኖር» የተባለ ሁሉ ሞተ።

ዘለቀ ይህን ሰምቷልና ከሩቅ ጮኸ።

«እሜቴ፣ በሞቴ፣ አይነሱ!»

«ክፉ አይንካህ ልጄ» አሉና ቁጭ ብለው ሊያሳልፉት ሲሉ አንድ ነገር ከነከናቸው። «ለመሆኑ ስንት ነፍስ አለህ?»

«ሦስት!» አለ ደረቱን ነፍቶ፣ እየዘለለ።

«ሦስት? ታዲያ ይሄ ምኑ መሐላ ነው? ኖር!»

ዘለቀ ሞተ።

ከመነሻው ጀምሮ እየሮጠ መጣ።

«እሜቴ፣ በሞቴ!»

«በየትኛው ሞትህ? በቅድሙ?»

«በአሁኑ!»

«ከእሱ በኋላስ?»

«አንዲት ነፍስ ትተርፈኛለች።»

«ወይ ጉድ! በሚተርፍ ነገር ሰው ይለመናል? ኖር!»

ዘለቀ ሞተ። እኔ ምን ላድርግ፣ ሞተ።

በሦስተኛው ቀስ ብሎ መጣ። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ አፉን ከፈተ። ያቺን እንደ ዋዛ ሲወረውራት የነበረችውን ቃል ግን ሊላት አልደፈረም። ፈራ፣ ክፉኛ ፈራ። ከኋላው መንገዱ እየጠፋ ነው።

«ምን ሆንክ? በል እንጂ» አሉ እሜቴ ከጋናቸው ውስጥ።

«ካልኩ በኋላ ቢነሱብኝስ?»

«ብነሳ ምን ትሆናለህ?»

«እሞታለሁ፣ እሜቴ። የምሬን እሞታለሁ።» እንባው መጣ። «በ… በሞቴ።» ድምፁ ለራሱም በቅጡ አልተሰማውም።

እሜቴ ቁልቋል እሾሃቸውን ሰብሰብ አድርገው ጋናቸው ውስጥ ቁጭ አሉ።

«አሁን ገና ለመንከኝ» አሉት። «እለፍ፣ ልጄ።»

ዘለለ፤ አለፈ።

እናንተም ስሙኝ፦ ትርፍ ነፍስ ያለው፣ «በሞቴ» አይበል።