ያለ ኖራ አልነጣም ያለው ግድግዳ

ተረት በጋሪ ተጭና መጣች! «ታራግፍ!» በሉ እንጂ፤ ዝም ካላችሁ ጋሪው ይመለሳል። እሺ፣ ሰምቻለሁ። ታራግፍ።

በድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ባለች አንዲት ሰፈር፣ ኢፍቱ የምትባል ልጅ ነበረች። ልጅ ስላችሁ ትንሽ እንዳትመስላችሁ፤ ለአቅመ ሥራ የደረሰች፣ ሥራዋን ግን ሰው ያላወቀላት ልጅ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስትዞር ያየ ሁሉ፣ «አቦ ኢፍቱ፣ ሥራ የምትይዢው መቼ ነው?» ይላታል። እሷም «ይኸው ይዤ!» ብላ ካሜራዋን ከፍ ታደርጋለች። ይስቁና ያልፋሉ። ድሬ ስቃ ማለፍ ታውቅበታለች።

በዚያ ዓመት በከተማዋ የፊልም ፌስቲቫል ተዘጋጀ። አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች ይታያሉ፤ አዳዲስ የፊልም ድርሰቶችን ደግሞ ገና ፊልም ሳይሆኑ ተዋንያን ሕዝብ ፊት ያነቧቸዋል። ከብዙ ሥራዎች መካከል የኢፍቱ «ጠዋታችን» ተመረጠ፤ ሰፈሯ ከእንቅልፉ ሲነሳ የሚያሳይ የአሥር ደቂቃ ፊልም ነው። ከዚያችው ሰፈር የጎሚስታው የዘለቀ ድርሰትም ተመረጠ። ከአንዲት ሰፈር ሁለት! ወሬው የተሰማ ዕለት የሰፈሩ ሰው ሲራመድ ደረቱ ቀድሞት ይሄድ ነበር።

ኢፍቱ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ፊልሟ በገዛ ሰፈሯ ይታይ፣ ሰውም «ይህን የሠራችው ኢፍቱ ናት» ይበል። ይኸው ነው፤ ሌላ አላማራትም።

ሐሙስ ጠዋት የፌስቲቫሉ አስተባባሪ ናኦድ መጣ።

«እንደተባለው ነገ ሲመሽ ተራው የእናንተ ነው» አላት። «ፕሮጀክተሩንም ድምፅ ማጉያውንም ይዘን እንመጣለን። ነጭ ግድግዳ ግን ከእናንተ። ከሌለ ወደሚቀጥለው ሰፈር እናልፋለን፤ እነሱ ቀብተው ጨርሰዋል።»

ለሚቀጥለው ሰፈር ተራ መልቀቅ! ይህን የሰማ የድሬ ልጅ እንዴት እንጀራ ይዋጥለታል?

በሰፈሩ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ሰፊ ግድግዳ አንድ ብቻ ነው፤ የድሮው የሳሙና መጋዘን። ባለቤቱ ፈቅዷል። ነገር ግን ፍየል ተሻሽቶበታል፣ ኳስ ነጥሮበታል፣ የሁለት ክለብ ደጋፊዎች ተሰዳድበውበታል። ግድግዳው ያለ ኖራ አልነጣም አለ፤ የኢፍቱም ፊልም ሜዳ ላይ ቀረ።

ወደ ቀለም ቀቢው ወደ ሽኩሪ ሮጠች። ሽኩሪን የኖራ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ኖራው ይኸው፣ ብሩሹ ይኸው፣ እኔም ይኸው» አላት። «ውሃው የታለ? ቧንቧው ሰሞኑን ያስነጥሳል እንጂ አያፈስም። በምራቄ ልበጥብጠው?»

እንግዲህ ኖራው ያለ ውሃ አልበጠበጥም አለ፤ ግድግዳው ያለ ኖራ አልነጣም አለ፤ የኢፍቱም ፊልም ሜዳ ላይ ቀረ።

ለሰፈሩ ውሃ የሚያመላልሰው ባለጋሪው ሙሜ ነው። «ሥራ የምትይዢው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ የጀመረውም እሱ ነው፤ ከሁሉ ቀድሞ፣ ከሁሉ አብልጦ። ፈረሷን ሎሚን ጥላ ሥር አቁሞ እሱ ጋሪው ላይ ተጋድሟል።

«በርሜሉ ባዶ ነው፣ ሎሚ ጠግባለች፣ የውሃ ጉድጓዱም ቅርብ ነው» አለ ሳይነሳ። «ጎማው ግን ተኝቷል። ካላመንሽ እርገጪው።»

ኢፍቱ ረገጠችው። እውነትም ተኝቷል፤ እንደ ባለቤቱ።

እንግዲህ ጋሪው ያለ ጎማ አልሄድም አለ፤ ውሃው ያለ ጋሪ አልመጣም አለ፤ ኖራው ያለ ውሃ አልበጠበጥም አለ፤ ግድግዳው ያለ ኖራ አልነጣም አለ፤ የኢፍቱም ፊልም ሜዳ ላይ ቀረ።

ሙሜ ጎማውን አወለቀላት፤ ያን ያህል ረዳት። ኢፍቱ በዚያ ፀሐይ ጎማውን እያንከባለለች ወደ ዘለቀ ሄደች። ዘለቀ ጎሚስታው አሮጌ ጎማ ደራርቦ እላዩ ላይ ተቀምጧል፣ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ።

«ዘለቀ፣ ተነስ! ነገ ያንተም ድርሰት ሊነበብ ነው'ኮ!»

«አውቃለሁ» አለ። «ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ግን ከትናንት ጀምሮ ሻሂ በወተት አልጠጣሁም። ሻሂ ካልጠጣሁ ይኼ እጅ የእኔ አይደለም፤ የሰው ጎማ ቀድጄ ላስረክብ?»

ዘለቀን ስለምታውቀው አልተከራከረችም። ሰውየው ሻሂውን ሳይጠጣ የገዛ ሠርጉ ላይ አይገኝም።

እንግዲህ ጎሚስታው ያለ ሻሂ አልነሳም አለ፤ ጎማው ያለ ጎሚስታ አልደፈንም አለ፤ ጋሪው ያለ ጎማ አልሄድም አለ፤ ውሃው ያለ ጋሪ አልመጣም አለ፤ ኖራው ያለ ውሃ አልበጠበጥም አለ፤ ግድግዳው ያለ ኖራ አልነጣም አለ፤ የኢፍቱም ፊልም ሜዳ ላይ ቀረ።

ሻሂ የምታፈላው እትዬ ዘርፌ ናት። ቤቷ ጭር ብሏል፤ ምድጃው ቀዝቅዟል።

«እትዬ ዘርፌ፣ ለዘለቀ አንድ ብርጭቆ! ገንዘቡን እኔ እከፍላለሁ።»

«ወተት የለማ!» አለች ዘርፌ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኗል ነገሩ። ትናንት ጥቁር ሻሂ ብሰጠው 'ልቅሶ ቤት ነው ወይ?' ብሎ መለሰልኝ። ወተት የምታመጣልኝ አዴ መፍቱሃ ከትናንት ጀምሮ ብቅ አላለችም።»

«ታማ ይሆን?»

ዘርፌ ንጹሑን ብርጭቆ እንደገና ታጥብ ጀመር። «ሂጂና ራስሽ ጠይቂያት» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ። ዘርፌ ወሬ እያወቀች ዝም ስትል ያ ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

እንግዲህ ሻሂው ያለ ወተት አልፈላም አለ፤ ጎሚስታው ያለ ሻሂ አልነሳም አለ፤ ጎማው ያለ ጎሚስታ አልደፈንም አለ፤ ጋሪው ያለ ጎማ አልሄድም አለ፤ ውሃው ያለ ጋሪ አልመጣም አለ፤ ኖራው ያለ ውሃ አልበጠበጥም አለ፤ ግድግዳው ያለ ኖራ አልነጣም አለ፤ የኢፍቱም ፊልም ሜዳ ላይ ቀረ። ደከማችሁ? እሷ በእግሯ ነው የምትዞረው፤ እናንተ ተቀምጣችሁ ነው።

አዴ መፍቱሃ በግቢዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ለገበያ የሚወጣውን የግመል ወተት ለጎረቤት ሕፃናት በነፃ ታድላለች። ኢፍቱን ስታይ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ድሬ አንቱታ እንደማትወድ ታውቃላችሁ፤ አያት ብትሆን እንኳ «አንቺ» ነች። ክብሩ ያለው «አዴ»፣ እናት እንደማለት፣ የምትለዋ ላይ ነው።

«አዴ መፍቱሃ፣ ምን ሆነሽ ነው? ሰፈሩ በሙሉ ቆሟል'ኮ።»

«ይቁም።»

«አሞሽ ነው?»

«አላመመኝም። ፊቴ ጠፍቶብኝ ነው።»

«የት ጠፋ?»

«አንቺ ጋ ነዋ!» አለች አዴ መፍቱሃ፣ አሁን ዞራ። «በካሜራሽ ወሰድሽው፤ ከዚያ ቆርጠሽ ጣልሽው። ከትናንት ወዲያ ዘርፌ ቤት ፊልሙን ኮምፒውተርሽ ላይ ስታዪ ሰው ከኋላሽ ቆሞ አይቷል። ሙሜ አለ አሉ። ዘርፌ አለች አሉ። የሎሚ ጭራ እንኳ አለ አሉ! እኔ የለሁም። ለዘመዶቼ መልእክት ልኬባቸዋለሁ፤ 'አዴያችንን በግድግዳ ልናይ ነው' ብለው ከገጠር ተነስተዋል። ነገ መጥተው የፈረስ ጭራ ሊያዩ ነው? ለቀረጻው ቀን ብዬ ያሰርኩትን ቢጫ ሻሽ አላየሽውም?»

ኢፍቱ አይታዋለች። ያ ቢጫ ሻሽ ከቀረጸችው ሁሉ የበለጠ ያማረ ነበር። የቆረጠችው የፊልም ሥልጠና ላይ የነገሯትን አስባ ነው፤ የሚቀረጽ ሰው ካሜራውን ማየት የለበትም፣ ከካሜራው ጀርባ ላለው ሰውም ማውራት የለበትም ተብላለች። አዴ መፍቱሃ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካሜራውን እያየች ነው ያወራችው። በዚያ ላይ ፊልሙ ከአሥር ደቂቃ እንዲያልፍ አይፈቀድም። ታዲያ በተረፈው ቦታ ኢፍቱ ምን አስገባች? ራሷን! ፊልሙ ሲጀምር ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆማ «እኔ ኢፍቱ አህመድኑር ነኝ» ትላለች። ያቺን ቦታ ደጋግማ ነው የቀረጸቻት፤ ሰፈሩ እንዲያውቅላት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ አዴ መፍቱሃ ያለ ፊቷ አልወጣም አለች፤ ወተቱ ያለ አዴ መፍቱሃ አልቀዳም አለ፤ ሻሂው ያለ ወተት አልፈላም አለ፤ ጎሚስታው ያለ ሻሂ አልነሳም አለ፤ ጎማው ያለ ጎሚስታ አልደፈንም አለ፤ ጋሪው ያለ ጎማ አልሄድም አለ፤ ውሃው ያለ ጋሪ አልመጣም አለ፤ ኖራው ያለ ውሃ አልበጠበጥም አለ፤ ግድግዳው ያለ ኖራ አልነጣም አለ። ሰንሰለቱ ዞሮ ዞሮ መጣና ጫፉ የኢፍቱ እጅ ላይ አረፈ።

ኢፍቱ ኮምፒውተሯን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ከአዴ መፍቱሃ በርጩማ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ከፈተችው። ቢጫ ሻሹን ከጣለችበት ፈልጋ አገኘችው። አዴ መፍቱሃ እያኮረፈችም ቢሆን አንገቷን አሰገገች።

«ይቺ ድልድይ ላይ የቆመችው አንቺ አይደለሽ?» አለች።

«እኔ ነኝ። ልትወጣ ነው። ለሁለታችን ቦታ የለም።»

«እና ማን ሠራው ይበሉ?»

«መጨረሻ ላይ ስሜ በጽሑፍ ይመጣል።»

«የመጨረሻውን ጽሑፍ ማን ያነባል?» አለች አዴ መፍቱሃ። «ሰው ያኔ ጫማውን ነው የሚፈልገው።»

ኢፍቱ ድልድዩ ላይ የቆመችውን ልጅ ቆርጣ አወጣቻት፤ ስሟም አብሮ ወጣ። የሁለት ዓመት ምኞቷ በአንድ ጣት ጠፋ። ግን እጇ አልተመለሰም፤ በልጅቷ ቦታ ቢጫ ሻሹን አስገባች።

አዴ መፍቱሃ ተነስታ የወተት ጄሪካኗን ማጠብ ጀመረች። «ለዘርፌ ንገሪያት» አለች። «ነገ በማለዳ እሳቷን ታንድድ።»

ዓርብ ጠዋት ምን ሆነ መሰላችሁ? አዴ መፍቱሃ ወጣች፤ ወተቱ ተቀዳ፤ ሻሂው ፈላ፤ ጎሚስታው ተነሳ፤ ጎማው ተደፈነ፤ ጋሪው ሄደ፤ ውሃው መጣ፤ ኖራው ተበጠበጠ፤ ግድግዳው ነጣ! ዘለቀ ሁለተኛ ብርጭቆ ሲጠይቅ ሽኩሪ መሰላሉ ላይ ነበር። በድሬ ፀሐይ ደግሞ ኖራ እስኪደርቅ አንድ ጨዋታ አያልቅም። ናኦድ ሲመጣ ግድግዳው ዓይን ይወጋል፤ የሰፈሩ ሰው ምንጣፍ ዘርግቶ ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል። የሚቀጥለው ሰፈር ሰዎችም መጥተዋል። አላባረርናቸውም፤ ከኋላ አስቀመጥናቸው።

መጀመሪያ የዘለቀ ድርሰት ተነበበ፤ በረሃ ላይ ጎማው የፈነዳበት የከባድ መኪና ሾፌርና ጉረኛ ጎሚስታ ሲከራከሩ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። «ዘለቀ! ዘለቀ!» ብሎ ቢጣራ ዘለቀ የለም፤ ከጋሪው ሥር ተደብቆ እንባውን ይጠርጋል። ቀጥሎ ናኦድ የኢፍቱን ስም ሊጠራ ማይክ አነሳ። ማይኩ ግን እሪ አለና ሰው ጆሮውን ያዘ፤ ከስሟ አንዲት ፊደል አልተሰማም።

ፊልሙ ተጀመረ። ሎሚ ስትጫን ታየች፤ «ጭራዋ!» ተባለ። የዘርፌ ምድጃ ጨሰ። ሙሜ ግድግዳውን ሞልቶ አዛጋ። ከዚያ ቢጫ ሻሽ መጣ። አዴ መፍቱሃ መጋዘኑን አክላ ወጣች! ከገጠር የመጡት ዘመዶቿ እልልታውን አቀለጡት። ግድግዳው ላይ ወተት ቀድታ፣ ኩባያውን ወደ ካሜራው ዘርግታ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ እንዲህ አለች፦

«ኢፍቱ! የአህመድኑር ልጅ! ያንን ካሜራሽን አስቀምጪና ጠጪ እንጂ! ከንጋት ጀምረሽ እኛን ስትቀርጪ ውሃ እንኳ አልቀመስሽም። 'ይኼ ሥራ አይደለም' የሚልሽ ካለ ወደ እኔ ይምጣ!»

ኢፍቱ ይህን ድምፅ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። ስትቆርጠው እንደ ጉድለት፣ ስትመልሰው እንደ ካሳ ነበር የሰማችው። በግድግዳ ሲሰማ ግን ሌላ ነው። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አያት። ሙሜ ምንጣፉ ላይ ተነስቶ ቆመ።

«አቦ ኢፍቱ!» አለ። «ሥራ ይዘሻል ለካ!»

ሳቁ ደቻቱን ተሻገረ። ሙሜ በዚህ አላበቃም፤ ወደ ኋላ ዞሮ የሚቀጥለውን ሰፈር ሰዎች «የኛ ልጅ ናት! የኛ!» ይላቸው ጀመር፣ ካሜራውን እሱ የገዛላት ይመስል። ኢፍቱ ኮራች። ምን ልደብቃችሁ፣ አንገቷ እስኪያማት ቀና ብላ ኮራች። የመጨረሻው ጽሑፍ ሲመጣ እውነትም ሰው ሁሉ ጫማውን ይፈልግ ነበር፤ ያነበበው አልነበረም። ምን ቸገራት?

አዴ መፍቱሃ በሰው መካከል ሰንጥቃ መጣች፤ ቢጫ ሻሿን አስራለች፣ ኩባያ ሙሉ ወተት ይዛለች።

«እህስ» አለቻት፣ «አሁንስ ትጠጫለሽ?»

ኢፍቱ ካሜራዋን አስቀምጣ ጠጣች።

ተረቴን መልሱ፣ ጉሮሮዬን በሻሂ አርሱ፤ ወተት እንዳይጎድልበት።