በጎረቤቱ እባብ የቀናው ገበሬ

«አንድ ገበሬ ነበረ፤ በጎረቤቱ እባብ የቀና» አሉ አዛውንቷ መምህርት።

ልጅቱ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። የመጣችው ግን ለሳቅ አልነበረም። አብሮ አደግ ጓደኛዋ አምና መልካም ባል አግብታለች። አሁን ልጅቱንም ከተዋወቀችው ሁለት ሳምንት ያልሞላው ሰው ለጋብቻ ጠይቋት እሺ ልትለው ነው። ጓደኛዋ ይህን ስትሰማ «ቆይ እንጂ፤ መጀመሪያ ሰውየውን እወቂው» አለቻት። ልጅቱ ነገሩ ሆዷ ውስጥ ቀርቶ፣ በልጅነቷ ወዳስተማሯት መምህርት ቤት ሄደችና «እትዬ፣ ጓደኛዬ ቀንታብኝ ይሆን?» ብላ ጠየቀች። መልሱ ይህ ገበሬ ሆነ።

ገበሬው ክፉ ሰው አልነበረም። የሰው አይሰርቅም፤ ድንበር አይገፋም። ዓይኑ ብቻ አርፎ አይቀመጥለትም። ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ሰማዩን ሳይሆን የጎረቤቱን ደጅ ነበር። ጎረቤቱ በዕድሜ ያንሰዋል፤ «አያ» እያለ ነው የሚጠራው። ገበሬውን የሚያንገበግበው ይኸው ነው። ታናሽ ሆኖ ሳለ በሬዎቹ እንዴት እንዲህ ይፋፋሉ? ጣሪያውስ እንዴት ቀድሞ ቆርቆሮ ይለብሳል? ሚስቱ «እሱ ሲያስነጥሰው አንተን ጉንፋን ይይዝሃል» እያለች ትስቅበት ነበር።

አንድ ዓመት አይጥ አገሩን ወረረ። የገበሬው ጎተራ ከሥሩ ተቦርቡሮ ማሽላው እንደ አሸዋ ፈሰሰ። የጎረቤቱን ጎተራ ግን የነካው የለም። ገበሬው ሦስት ቀን ታገሠ። በአራተኛው ቀን ሄዶ ጠየቀ።

«መድኃኒት ቀብረህ ነው?»

«ኧረ የምን መድኃኒት፣ አያ!» አለ ጎረቤቱ። «እዚያ የድንጋይ ካብ ውስጥ አንድ እባብ አለ። አይጡን የሚለቅመው እሱ ነው።»

«እባብ ታኖራለህ እንዴ?»

«እኔ አላመጣሁት፤ ራሱ ነው የገባ። መጀመሪያማ ልገድለው ነበር። ኋላ እባብ የሚያውቀውን ሰውዬ ጠርቼ ከሩቅ አሳየሁት፤ ይሄ መርዝ የለውም አለኝ። ቢሆንም አልነካውም። ልጆቼንም ወደ ካቡ አላስጠጋም።»

ገበሬው የሰማው ግማሹን ነበር። ወደ ቤቱ ሲመለስ በጆሮው የቀረው «እባብ አለ» የሚለው ብቻ ነው። ያን ቀን እህል አልወረደለትም። በሬ ይገዛል፤ ቆርቆሮም ይገዛል። እባብ ግን ከየትኛው ገበያ ይገዛል?

«ትናንት በበሬው፣ ዛሬ በእባቡ!» አለች ሚስቱ። «ነገ ደግሞ በቁንጫው ትቀናለህ።»

ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ጠዋት ከቤቱ ጀርባ፣ ከማሽላ አገዳው ክምር ሥር እባብ ተኝቶ አየ። ልቡ በደስታ ዘለለ። እባቡ አጭር ነው፤ ውፍረቱ ግን የሰው ክንድ ያህላል። ራሱ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን ነው። ቡናማ ጀርባው ላይ የቀስት ጫፍ የመሰሉ ጥቋቁር ምልክቶች ተሰልፈዋል። ገበሬው መሬቱን በእግሩ መታ። እባቡ ንቅንቅ አላለም። የጎረቤቱ እባብ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ሰው ሲያይ ሹልክ ብሎ ካቡ ውስጥ ይገባል። «የእሱ ይሸሻል፤ የእኔ ግን ከወዲሁ ለምዶኛል» አለ በልቡ። «ደግሞም ይወፍራል።»

ሚስቱ ያን ቀን አልሳቀችም። ልጆቿን ወደ ቤት አስገባችና በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ በየቀኑ ማገዶ የምንመዘው ከዚያ ክምር ነው። ለነዚህ ልጆች ስትል ለአንድ ሰው አሳየው።»

«አሳያለሁ እንጂ!» አለ ገበሬው። ለማን እንደሚያሳይ አስቦ ጨርሷል።

ጎረቤቱ መጣ። ክምሩ ጋ ሊደርስ አሥር እርምጃ ሲቀረው ቆመ፤ ፊቱም ተለወጠ።

«አያ፣ ወደ ኋላ በል። እፉኝት ነው።»

«ምን አልክ?»

«እፉኝት! እሱ እኮ አይሸሽም፤ ተኝቶ ነው የሚጠብቅህ። ድንጋይ እንዳትወረውርበት፣ በእንጨትም እንዳትነካካው። አንተ እዚህ ርቀህ ቆመህ ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ተመልከት። እኔ ሮጬ ያንን ሰውዬ ልጥራ። ረጅም እንጨትና መክደኛ ያለው ዕቃ አለው፤ እሱ ያንሣው።»

ገበሬው ጎረቤቱን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ፊቱ የገረጣው፣ ድምፁ የተንቀጠቀጠው ለምን እንደሆነ የገባው መሰለው። ቀንቶብኛል! ዕድሜውን ሁሉ በሰው ሲቀና ለኖረ ሰው፣ አንድ ቀን የሚቀናበት ማግኘት እንዴት ይጣፍጣል! አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

«በአንተ ቤት ሲሆን የጎተራ ጠባቂ፣ በእኔ ቤት ሲሆን እፉኝት!» አለው።

«ኧረ በእግዜር፣ አያ!»

«ቆይ፣ እንዴት እንደለመደኝ ላሳይህ።»

ሚስቱ ከበሩ ላይ ጮኸች። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ከእባቡ አጠገብ አንድ አገዳ ሊመዝ እጁን ሰደደ።

እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚነፋ ድምፅ ሰማ። ከዚያ እጁ ነደደ።

«ቢላ! ቢላ አምጡልኝ፣ ልብጣው!» እያለ ጮኸ። ጎረቤቱ ጎትቶ አራቀው። «አይበጣም። አይመጠጥም። በገመድም አይታሰርም» አለ። ጣቱ ሳያብጥ የብር ቀለበቱን አወለቀለት። እጁ እንዳይንቀሳቀስ በጨርቅ ደግፎ አስተኛው። «በእግሬ እሄዳለሁ» ቢል እንኳ እሺ አላለውም፤ መንደርተኛው ቃሬዛ አመጣ። የጎረቤቱ ሚስት ልጆቹን ተረክባ፣ እባብ የሚያውቀው ሰውዬ ተጠርቶ እስኪደርስ እባቡን ከሩቅ ስትጠብቅ ቆየች። ማንም በዱላ ሊመታው አልሞከረም፤ ስለዚህ ሁለተኛ ሰው አልተነከሰም።

የጤና ጣቢያው መንገድ ረጅም ነው። የቃሬዛውን የፊት ጫፍ የተሸከመው ጎረቤቱ ነበር። የገበሬው እጅ እስከ ክርኑ አብጦ ጠቁሯል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ዳገቱ መሐል ላይ ሲደርሱ በቀጭን ድምፅ ጎረቤቱን ጠራው።

«ስማማ... የአንተው ነክሶህ ያውቃል?»

«ወይ አምላኬ!» አለች ሚስቱ ከኋላ እያለቀሰች። «እየሞተም ይቀናል!»

ጎረቤቱ ግን ሳይዞር መለሰለት። «አልነከሰኝም። እኔ እንኳ ማንነቱን እስካውቅ ድረስ ከሩቅ ነበር የማየው። አንተ ደግሞ፣ አያ፣ ሰሞኑን ሁሉ የእኔን ካብ ስታይ ሰነበትክ። የራስህን ክምር ግን አንድ ቀን ደህና አድርገህ አላየኸውም።»

ከጤና ጣቢያው በመኪና ወደ ሆስፒታል አሳለፉት፤ መድኃኒቱም ደረሰለት። ገበሬው ዳነ። ሁለት ጣቶቹ ግን ከዚያ ወዲህ አልታጠፉም። አገዳውን ከቤቱ አርቆ ከመረው፤ በቤቱ ሥር ያለውንም የአይጥ ጉድጓድ በጭቃ ደፈነው።

መምህርቷ እዚህ ላይ ሲደርሱ ወደ ልጅቱ ዞሩ።

«ጓደኛዬ ቀንታብኝ ይሆን ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ የሰው ልብ ከፍቼ አላይም። ግን እስቲ ልጠይቅሽ፤ ያ ጎረቤት በእውነት ቀንቶ ቢሆን ኖሮስ? እፉኝቱ ያው እፉኝት አልነበረም?»

ልጅቱ ወደ መምህርቷ ጠጋ አለች። «እንግዲያው ሰውየው እፉኝት ነው እያሉኝ ነው፣ እትዬ?»

«እኔ ምን አውቄ! አላየሁት። ክፋቱ አንቺም አላየሽውም። ስለ እሱ ልትነግሪኝ መጥተሽ ስንት ጊዜ የጓደኛሽን ባል እንዳነሣሽ ቆጥሬያለሁ፤ የዚህን ሰው ግን ስሙን እንኳ እስካሁን አልነገርሽኝም። ገበሬው እባብ አልፈለገም፣ ልጄ፤ ጎረቤቱ ያለውን ነው የፈለገው። ስለዚህ የተገኘውን ሁሉ እሱ ነው ብሎ ተቀበለ። የሚያስጠነቅቀውንም ሰው ቀናተኛ አለው፤ በገዛ መስፈሪያው ሰፍሮ። እሱ እጁን ሰዶ ነበር። አንቺ ገና አሥር እርምጃ ላይ ነሽ። እዚያው ቁሚና፣ እዪው።»