ለቦቃ አንድ ጉንጭ መድኃኒት

ጠጋ በሉና ስሙ። አጸደ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በአንድ ሳምንት ሁለት በጎች ሞተውባት የቀረቻት ቦቃ ብቻ ናት። ቦቃም አገጯ ሥር ውሃ ቋጥሮ፣ ድዷ ነጥቶ፣ ግልገሏን ማጥባት አቅቷት ተኝታለች። አጸደ የፈለገችው አንድ ጉንጭ የትል መድኃኒት ነው።

ወደ እንስሳት ሐኪሙ ወደ ጥላዬ ሮጠች።

«ዶክተር፣ ለቦቃ መድኃኒት ይስጡኝ።»

«እትዬ አጸደ፣ ትሉ ያለው ጨፌው ሣር ላይ ነው። ዛሬ ጠጥታ ነገ እዚያው ከጋጠች መልሳ ትበላዋለች። ያለኝ ይኸው አንድ ጠርሙስ ነው። የመንደሩ በግ ሁሉ ከጨፌው ይውጣ፤ ያኔ እከፍተዋለሁ።»

ደረቅ ግጦሽ ያለው ተረተሩ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ታጥሯል። ወደ ጠባቂው ወደ ደምሰው ወጣች።

«ደምሰው፣ በሩን ክፈት። አንተ ካልከፈትክ በጎቹ ከጨፌው አይወጡም፤ በጎቹ ካልወጡ ጥላዬ ጠርሙሱን አይከፍትም፤ ጠርሙሱ ካልተከፈተ ቦቃ አትድንም።»

«አያ ወልደሰንበት ሳያዙ አልከፍትም» አለ ደምሰው።

በቤቷ በኩል አለፈች። ቦቃ አልተነሣችም። አሁን አንገቷንም መሬት ላይ ጥላዋለች። አጸደ ወደ ሽማግሌው ወደ አያ ወልደሰንበት ሮጠች።

«አያ፣ ለደምሰው ይንገሩት። እርስዎ ካላዘዙ ደምሰው አይከፍትም፤ ደምሰው ካልከፈተ በጎቹ ከጨፌው አይወጡም፤ በጎቹ ካልወጡ ጥላዬ ጠርሙሱን አይከፍትም፤ ጠርሙሱ ካልተከፈተ ቦቃ አትድንም።»

«ተረተሩ የእኛም የወንዝ ማዶዎቹም ነው። እነሱ የሚሰሙት ሸዋረገድን ነው። ሸዋረገድ እሺ ሳትል አላዝም።»

ለአጸደ ሌላ ማንንም ቢጠሩላት ይሻላት ነበር። ግን ወንዙን ተሻገረች።

ሸዋረገድ ባዶ በረቷ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ሸዋዬ፣ እሺ በይ። አንቺ እሺ ካላልሽ አያ አያዙም፤ አያ ካላዘዙ ደምሰው አይከፍትም፤ ደምሰው ካልከፈተ በጎቹ ከጨፌው አይወጡም፤ በጎቹ ካልወጡ ጥላዬ ጠርሙሱን አይከፍትም፤ ጠርሙሱ ካልተከፈተ ቦቃ አትድንም።»

«ጨረስሽ? እሺ የምለው አምና ያደረግሽውን በአፍሽ ስትናገሪ ነው።»

አጸደ ልትመለስ ዞረች። ከማዶ የግልገሉ ጩኸት ይሰማል። ቆመች።

«በጎችሽን ውሃ ወደሚተኛበት ታችኛው ጨፌ ያባረርኳቸው እኔ ነኝ። በሽታ ያመጡት እነሱ ናቸው ብዬ ያስወራሁትም እኔ ነኝ። ውሸት ነበር። አሥራ አንዱም ያለቁት በእኔ ነው።»

ሸዋረገድ አላለቀሰችም፤ ይቅር ብዬሻለሁም አላለች። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

ሸዋረገድ እሺ አለች፤ አያ ወልደሰንበት አዘዙ፤ ደምሰው በሩን ከፈተ፤ በጎቹ ከጨፌው ወጡ፤ ጥላዬ ጠርሙሱን ከፈተ። አጸደ የቦቃን ራስ ወደ ላይ ስታነሣ፣ ሌላ እጅ መጥቶ ያዛት።

«ይህን ያህል ቀና አታድርጊው፤ መድኃኒቱ ሳንባዋ ይገባል» አለች ሸዋረገድ። የቦቃን አገጭ በመዳፏ ደግፋ ዝቅ አድርጋ ያዘችላት።

ቦቃ ዋጠች።