የዳልቻ ከንፈርና የማይረሳው ቅል

ተረት አለኝ፤ ቀረብ በሉና ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ ቅልና ዋንጫ እንደ ሰው በሚያወሩበት ዘመን፣ ዳልቻ የሚባል ሽማግሌ አህያ ነበር። ጭነት ተሸክሞ ተሸክሞ ጀርባው የተላጠ፣ ጉልበቱ የከዳው፣ ቆሞ የሚያንቀላፋ አህያ ነበር።

በዚያ ዘመን ድርቅ ገባ። ወንዙ ደረቀ፣ ኩሬው ደረቀ፣ አንዲት ቀጭን ምንጭ ብቻ ቀረች። ማታ የምታፈልቀው ለዛፍና ለሣር፣ ቀን የምታፈልቀው ለእንስሳት ይሁን ተብሎ ተደነገገ። እንስሳቱ በቀን ሦስት መቶ ዋንጫ ይጠጣሉ። ዳልቻ ሲጨመር ሦስት መቶ አሥር ይሆናል።

አያ ጅቦ ዳኛው ዝሆን ፊት ቀረበ።

«አባባ ዝሆን፣ ውሃው ለሁላችን አይበቃም። ይህ ሽማግሌ ወደ ሌላ ውሃ ይሂድ። ሩቅ አይደለም፣ የሦስት ቀን መንገድ ነው።»

ዳልቻ አንገቱን ደፋ። የሦስት ቀን መንገድ አይችልም። ቢችልም መንገዱ ላይ ማን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

«መጀመሪያ ምንጯ ትለካ» አለ ዝሆን። «ሦስት መቶ አሥር ከሞላች ይቆያል። ካልሞላች ይሄዳል።»

አያ ጅቦ ምንጯን አንዴ አየት አደረገና «ለካኋት! ሁለት መቶ ናት» አለ።

«በምን ለካሃት?»

«በዓይኔ ነዋ!»

«በዓይንህማ የለካኸው የእኔን ሥጋ ነው» አለ ዳልቻ በልቡ።

ቀጥሎ ዝንጀሮ ተነሣ። አንድ አፈ ሰፊ ቅል ከምንጯ ሥር አስቀመጠ። ዋኔ፣ ያቺ እርግብ መሳይ ወፍ፣ ከዛፍ ላይ በየእኩል ጊዜው በጮኸች ቁጥር ወደ ቅሉ ያያል፤ «ከግማሽ ዋንጫ አለፍ ያለች ትመስላለች» ይላል፤ ይደፋዋል። እንደገና ያያል፣ እንደገና ይደፋል። «ስፍር የሚጀመረው ከባዶ ነው» እያለ ቀኑን ሙሉ ሲደፋ ዋለ። ሲመሽ የጩኸቱን ብዛት በግምቱ አባዝቶ ጭንቅላቱን አከከ።

«ሁለት መቶ ሰማንያ ትሆናለች። ወይም ሦስት መቶ ሃያ።»

«የደፋኸው ሁሉ ውሃ አልነበረም እንዴ?» ብሎ ቅሉ አጉረመረመ።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ እማማ ኤሊ እየተንፏቀቀች መጣች። ቅሉ ውስጥ አንድ ምልክት ጫረች፤ እስከዚያ ድረስም ውሃ ሞላችው።

«ዳልቻ ልጄ፣ ከንፈርህን ከምልክቱ ላይ አድርግ። ዋኔ በጮኸች ቁጥር ውሃው ከነካህ ‹ነካኝ›፣ ካልነካህ ‹አልነካኝም› በል። ሌላ ቃል የለህም። ነካኝ ስትል ዋንጫ ራሱ አንድ ሙሉ ቀድቶ ያወጣል፣ እኔ አንድ ጠጠር አኖራለሁ። የተረፈው ቅሉ ውስጥ ይቆያል። ማንም እንዳይደፋው!»

አያ ጅቦ ሳቀ። «ሁለት ቃል ብቻ የሚያውቅ ለኪ! ለዚያውም ለራሱ ጉዳይ! አይዋሽም?»

«ይዋሽ» አለ ቅሉ። «ያለጊዜው አንድ ዋንጫ ቢያስወጣ እጎድላለሁ። ጎድዬም እስክሞላ አስጠብቀዋለሁ። ውሸቱን ከእሱው ላይ እቀበለዋለሁ።»

ፀሐይ ወጣች። ዋኔ ጮኸች።

«ነካኝ።» ዋንጫ ቀዳ፣ ጠጠር ወደቀ።

«አልነካኝም።»

«ነካኝ።»

«ነካኝ።»

«አልነካኝም።»

ከንፈሩ ውሃ እየነካ መጠጣት አይችልም፤ ከዚህ የባሰ ድካም ከየት ይመጣል? እኩለ ቀን ላይ ምላሱ ደረቀ። አያ ጅቦ ከጎኑ ተጋደመ።

«ወንድሜ፣ ውሃውን አንዴ ብትልሰው ማን ያይሃል?»

ዳልቻ ውሃውን አየ። ፊቱ ውሃው ውስጥ ታየው፤ አርጅቷል። «የላስሁት ጠጠር አይሆንም» ብሎ አሰበና ከንፈሩን ገጠመ። ዋኔ ጮኸች።

«አልነካኝም» አለ።

ከሰዓት በኋላ ግን እንቅልፍ አሸነፈው። ዋኔ ጮኸች፣ ዳልቻ ዝም። ዋኔ ጮኸች፣ ዳልቻ ዝም። ውሃው ከፍ ብሎ አፍንጫው ውስጥ ሲገባ አስነጥሶ ነቃ።

«ወይኔ! ሁለት ጊዜ አለፈኝ! አለቀልኝ!»

አያ ጅቦ ጥርሱን አሾለ።

«አይዞህ» አለ ቅሉ ቀስ ብሎ። «አንተ ብትረሳ እኔ አልረሳሁም። ያለፈህ ሁሉ እዚሁ ሆዴ ውስጥ ነው። የጠጣኸው ቢሆን አይመለስም ነበር፤ ያንቀላፋኸው ግን ይመለሳል። ብቻ አትሂድ፣ ቁም።»

ዳልቻ ቆመ። ዋኔ ጮኸች። «ነካኝ።» ጮኸች። «ነካኝ።» ጮኸች። «ነካኝ።» ዋንጫው ሦስት ጊዜ አከታትሎ ቀዳ፤ ውሃውም ተመልሶ ከምልክቱ ላይ ሆነ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ቅሉ እንደ ጧቱ እስከ ምልክቱ ሞልቶ ተገኘ። እማማ ኤሊ ጠጠሩን መቁጠር ጀመረች፤ የኤሊ ቆጠራ ደግሞ አያልቅም።

«ሦስት መቶ… ሦስት መቶ አምስት… ሦስት መቶ ዘጠኝ…»

አያ ጅቦ ከንፈሩን ላሰ።

«ሦስት መቶ አሥር።» ከእግሯ ሥር የቀረች አንዲት ጠጠር አወጣች። «ሦስት መቶ አሥራ አንድ።»

አያ ጅቦ ጅራቱን ቆልፎ ወጣ። ዝሆንም «የተረፈችው አንዲት ዋንጫ የዳልቻ ትሁን» ብሎ ፈረደ። ዋንጫው ሄዶ ከአፉ ሥር ቆመለት። ዳልቻ ግን ዓይኑን መግለጥ አቃተው። ውሃው ከንፈሩን ሲነካው፣ ከእንቅልፉ ውስጥ ሆኖ «ነካኝ» አለ።

«ጠጣ እንጂ ልጄ» አለችው እማማ ኤሊ። «አሁንማ ያንተ ነው።»

እሱም ጠጣ።

ዛሬም በኤሌክትሮኒክ ሚዛንና በሙቀት መለኪያ ሆድ ውስጥ ጥፍር የምታህል፣ ቺፕ የምትባል ለኪ ቁራጭ አለች። እሷም እንደ ዳልቻ ሁለት ቃል ብቻ ታውቃለች ይባላል፤ ቶሎ ቶሎ፣ ሺህ ጊዜ፣ ነካኝ፣ አልነካኝም ትላለች። ትራፊዋን አትደፋም፣ ጠጠሯን ትቆጥራለች፣ በመጨረሻም ፀጉር የምታህል ልዩነት ትለያለች።

አንዴ ካየ ዓይን ሺህ ጊዜ የነካ ከንፈር ያውቃል፤ ትራፊውን ያልደፋም እውነቱን አያጣም።

ተረቴን ተረከቡኝ፣ ለደከመው አፌም አንድ ዋንጫ ውሃ ስጡኝ።