መላው የወፌ ነው

ስሙኝማ! ተረቴ ከሩቅ መጥታለችና ጠጋ ጠጋ በሉላት። እስቲ «ትቀመጥ!» በሉ። እንዲያ ነው!

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ከእኛ ይልቅ ብዙ ያወሩ በነበረበት ዘመን፣ ሦስት አገሮች ጎን ለጎን ነበሩ። ደጋውን ጭላዳ ዝንጀሮ ይገዛዋል፤ ወይና ደጋውን ጎሽ ይገዛዋል፤ ቆላውን አዞ ይገዛዋል። በየአገሩም አንድ አንድ ነጋሪት አለ። አንዱ አዲስ መላ የፈጠረ እንደሆነ ለንጉሡ ያሳያል። ነጋሪቱ ይጎሰምና «ይህ መላ የእገሌ ነው፤ እሱን ሳይጠይቅ የሚሠራ ወዮለት!» ይባልለታል። ታዲያ ነጋሪቱ የቱንም ያህል ቢጮህ ድምፁ ወንዝ አይሻገርም ነበር።

በወይና ደጋው እመት ወፌ የምትባል ቢጫ ወፍ ትኖር ነበር። ሦስት ጊዜ እንቁላል ጣለች፤ ሦስቴም እባብ በላባት። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ማሰብ ጀመረች። አስባም ጎጆዋን ገልብጣ ሠራችው። በሩን ወደ ታች አዞረችው፤ እንደ እጅጌም አስረዘመችው። ጫጩቶቹ ሲንፈራገጡ በበሩ ሾልከው እንዳይወድቁ ደግሞ ከውስጥ በኩል በሣር ቋጥራ ደፍ አበጀችላቸው። እባቡ እንደ ልማዱ መጣ፣ ተንጠለጠለ፣ ተንሸራተተ፣ ዷ ብሎ ወደቀ! ከዚያ ጎጆ የመጀመሪያ ልጇ ኑጊት በደኅና በረረች። ንጉሥ ጎሽም ነጋሪት አስጎሰመላት።

አያ ቁራ ይህን ሁሉ ከማዶ ዛፍ ላይ ሆኖ ያይ ነበር። የውጪውን አንድ ሳይቀር አየ፤ የውስጡን ቋጠሮ ግን ከየት ይየው? ወንዙን ተሻገረና ለንጉሥ አዞ «ይህ የኔ መላ ነው» አለው። የቆላው ነጋሪትም «ቁልቁል በር ያለው ጎጆ የአያ ቁራ ነው፤ ሌላ የሠራ ክንፉ ይቆረጣል!» ብሎ ጮኸ።

ኑጊት ደግሞ ያገባችው ቆላ ነበር።

አንድ ቀን እመት ወፌ ልጇን ልትጠይቅ ሄደች። ኑጊት የመጀመሪያ እንቁላሎቿን ጥላ፣ አያ ቁራ ሠርቶ በሸጠላት ጎጆ ውስጥ ታቅፋለች። እናት አንገቷን ወደ ውስጥ አስገብታ ብታይ ቋጠሮ የለም። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው መንፈራገጥ ሲጀምሩ ቁልቁል መውረዳቸው ነው።

«ልጄ፣ አሁኑኑ ልቋጥርልሽ» አለች።

«እማዬ ተይ! ክንፍሽን ይቆርጡሻል» አለች ኑጊት።

እናት ለገዛ ልጇ ጎጆ ሣር መቋጠር ተከለከለች። እመት ወፌ ወደ ንጉሥ አዞ በረረች።

«ጃንሆይ፣ መላው የኔ ነው። በጎሽ አገር ተነግሮልኛል» አለችው።

«እኔ አልሰማሁም» አለ አዞ፣ አንድ ዓይኑን ብቻ ገልጦ።

ወደ ንጉሥ ጎሽ ተመለሰችና «ጃንሆይ፣ ለሦስታችሁም አንድ ነጋሪት ይኑር» ብላ ለመነችው። ጎሽ ልቡ ራራ፤ ወደ ሁለቱ ነገሥታት መልእክተኛ ላከ። መልእክተኛው ግን፣ እንደሚባለው የቁራ መልእክተኛ ሆኖ፣ በሄደበት ቀረ። እሷ ግን እንቁላሎቹ ትዝ ሲሏት መቀመጥ አልቻለችም። ደጋ ወጥታ ጭላዳውን ለመነች፤ ቆላ ወርዳ አዞውን ለመነች። ከልመናዋ ይልቅ ጭቅጭቋ ቢሰለቻቸው ነው መሰለኝ፣ እሺ አሉ።

የመጀመሪያው ጉባኤ «ነጋሪቱ የት ይቀመጥ?» በሚል ተጣላ። «እኔ ዘንድ!» አለ ጭላዳ። «እኔ ዘንድ!» አለ ጎሽ። «እኔ ዘንድ!» አለ አዞ። ጮኸው ጮኸው ሲደክማቸው ሦስቱ አገሮች የሚገናኙበት ኮረብታ ላይ ይሁን አሉ።

ሁለተኛው ጉባኤ «በማን ቆዳ ይለጎም?» በሚል ተጣላ። ሁሉም የኔ ወገን ቆዳ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። «በሉ እንግዲህ አምጡ» ቢባሉ ግን የሚገፈፍ ጠፋ። በመጨረሻ አርጅቶ በሞተ በሬ ቆዳ ተለጎመ።

ሦስተኛው ጉባኤ «ምን ይበል?» በሚል ተጣላ። እመት ወፌ «ቁልቁል በር ያለው ጎጆና የውስጥ ቋጠሮው መላ የወፌ ነው» እንዲባልላት ጠይቃለች።

«እኛ ገደል ላይ ነው የምናድረው፤ ጎጆ የሚባለው ቃል ይውጣ» አለ ጭላዳ። ወጣ።

«ወንዜ በር የለውም፤ በር የሚባለው ይውጣ» አለ አዞ። ወጣ።

ጎሽ እንኳ፣ ያ ደጉ ጎሽ፣ «ቋጠሮ ሲባል ገመድ ይታየኛል፤ እሱም ይውጣልኝ» አለ። ወጣ።

የተረፈው «መላው የወፌ ነው» የሚለው ብቻ ሆነ። ሦስቱም ደስ አላቸው፤ ተቃቀፉ።

ነጋሪቱ ግን ጉሮሮውን ጠረገና «ጌቶቼ፣ እኔ ማላላት አላውቅም። ስመታ ሁሉም ነገር ይጠብቅብኛል» አለ።

«አንተ ዝም ብለህ ተመታ!» አሉት።

ልጆቼ፣ «መላ» ላልቶ ሲነገር ብልሃት ነው። ጠብቆ ሲነገር ግን ሁሉም ማለት ነው። ነጋሪቱ ተመታ፤ ድምፁም ወንዞቹን ተሻገረ። በሦስቱም አገር ያለ ፍጥረት ሁሉ የሰማው «ሁሉም ነገር የወፌ ነው» የሚል አዋጅ ነበር።

እመት ወፌ ወደ ልጇ ስትበር ሚዳቋ ከመንገድ ዳር ሰገደችላት። «እመቤቴ፣ ውሃ ጠምቶኛል፤ ልጠጣ?» አለቻት። ጉንዳን መጣና «እመቤቴ፣ ይችን ፍሬ ልውሰዳት?» አላት። ንጉሥ አዞ ራሱ ከዳር ቆሞ ፀሐይ ያቃጥለዋል። «እመት ወፌ፣ ወንዝሽ ውስጥ ልግባ?» አላት።

ደስ አላት። ምን ይደረግ፣ ትንሽ ደስ አላት። የናቃት ንጉሥ ሲለማመጣት የማን ልብ አይሞቅም? አያ ቁራም ከጎኗ ዱብ ብሎ «እመቤቴ፣ አደራሽን፣ ነጋሪቱ እንደተሳሳተ እንዳትናገሪ! ዝም ካልሽ እኮ ሰማዩም ያንቺ ነው» አላት። ክንፏን አርገበገበችና መንገዷን ቀጠለች።

ኑጊት ዘንድ ደረሰች። ኑጊት ጎጆዋ ውስጥ የለችም። ቅርንጫፉ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

«ልጄ፣ ለምን ወጣሽ?»

«እማዬ፣ ሁሉም ያንቺ ነው ሲሉ ሰማሁ። እንቁላሎቹም ያንቺ ናቸው ማለት ነው። ልቀፋቸው? ትፈቅጂልኛለሽ?»

እመት ወፌ ወደ ውስጥ ገብታ እንቁላሎቹን በደረቷ ነካች። መቀዝቀዝ ጀምረዋል። ያን ጊዜ ያ ትንሽ ደስታዋ አመድ ሆነባት፤ እንባዋ መጣ።

«ነይ ግቢ! ቶሎ ግቢ የኔ ልጅ!» አለች። «እንቁላሎቹ ያንቺ ናቸው። ውሃው የሚዳቋ ነው። የኔ ቋጠሮው ነው፤ ቋጠሮው ብቻ!»

ኑጊት ገብታ ታቀፈች። እናቷ ከሥሯ ሣሩን እየሳበች፣ እያጠበቀች፣ እያለቀሰችም ደፉን ቋጠረችላት። እንቁላሎቹ ቀስ በቀስ ሞቁ።

ከዚያ ወደ ኮረብታው ተመለሰችና ሦስቱን ነገሥታት አስጠራች። «ያወጣችኋቸውን ቃላት መልሱልኝ» አለች። «ሁሉን ብትሰጡኝ ልጄን ነሳችሁኝ። የኔን ብቻ ስጡኝ።»

ነገሥታቱ አፈሩ። ጭላዳ ጎጆን መለሰ፤ አዞ በርን መለሰ፤ ጎሽም እያንገሸገሸው ቋጠሮን መለሰ። ነጋሪቱ አሁንም «መላ»ን አጠበቀው፤ ጎጆው፣ በሩና ቋጠሮው አብረው ስለተጠሩ ግን ማንም አልተሳሳተም። አዲሱ አዋጅ ሲነገር ሚዳቋ ሳታስፈቅድ ጠጣች፤ አዞም ጥልቅ ብሎ ወንዙ ገባ።

በማግስቱ አያ ቁራ አንገቱን ደፍቶ መጣ። «የሸጥኳቸው ጎጆዎች ውስጥ ጫጩቶች አሉ» አለ፤ «ቋጠሮውን አሳዪኝ።» እመት ወፌ በቁጣ አየችው፤ ጫጩቶቹን አሰበችና አሳየችው። ሁለቱም ከዛፍ ዛፍ እየዞሩ ሲቋጥሩ ዋሉ።

የኑጊት ልጆች ተፈለፈሉ፤ ተንፈራገጡ፤ ተንፈራገጡ፤ አንዱም አልወደቀም።

እናንተም ልጆቼ፣ የእጃችሁን መላ ማንም አይንጠቃችሁ፤ ጠብቆ የሚነገረውን «መላውን» ግን ለየባለቤቱ ተዉለት።