የይታክቱ ጉንዳኖች

በአንድ ወቅት፣ ዘመኑን አትጠይቁኝ፣ ልጆቿ ዛሬም በሕይወት ስላሉ ያፍራሉ፣ ይታክቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ቤቷ ንጹሕ፣ ስሟም እንደ ቤቷ ንጹሕ። ለቅሶ ቤት ቀድማ ደራሽ፣ ሰርግ ቤት መጨረሻ ወጪ። በዚያ ሰፈር ሴት ልጅ ስትዳር «እንደ ይታክቱ ያድርግሽ» ተብላ ነበር የምትመረቀው። እንግዲህ ጉንዳኑ የገባው እዚህ ቤት ነው።

ጉንዳን የማን ቤት አልገባ? ትሉ ይሆናል። እኔም እንደናንተ ብዬ ነበር። ግን ቆዩ።

የሚካኤል ማኅበር ተራ ደርሷት ጽዋውን ተረክባ ወደ ቤቷ ያመጣች ቀን ነው ነገሩ የፈነዳው። ማኅበርተኛው እየዘመረ ሸኛት፣ ጽዋው ከፍ ካለ ቦታ ተቀመጠ፣ ሰዉም ዳቦና ጠላ ቀመሰ። ለምርቃት ሲነሡ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አለቃ ደባሱ የጽዋውን መሸፈኛ ገለጥ ቢያደርጉ፣ ደቃቅ ቀይ ጉንዳን ጥቁር እስኪመስል ተደራርቦበታል! ሽማግሌው እጃቸውን ሳይሰበስቡ እስከ ክርናቸው ወጣባቸው። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻላት ነበር።

«አይዞሽ ልጄ» አሏት አለቃ ደባሱ፣ እጃቸውን እያራገፉ። «ጉንዳን ደረቅ ቤት አይገባም። እጅሽ ለሰው ስለማይነጥፍ ነው።»

ይታክቱ ፊቷ ሲግል ተሰማት። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሰው ደግሞ ሲያፍር አፉ አያርፍም፤ ሳታስበው እንዲህ አለች፦ «ይኸው በጽዋው ፊት! ይህን ጉንዳን ከቤቴ ለነቀለልኝ ሰው ዳልቻን ከነጥጃዋ እሰጣለሁ! የዛሬ ወር ለማኅበሩ ስትመጡ ገመዷን አስይዘዋለሁ!»

ዳልቻ የሰፈሩ ሁሉ ዓይን ያረፈባት ላም ናት። ወተቷ የሁለት ላም ነው። ቤቱ ሙሉ «እሰይ!» አለ። ስለት በጽዋ ፊት ከወጣ መመለሻ የለውም።

አሁን እሷና እግዜር ብቻ የሚያውቁትን ልንገራችሁ። ይታክቱ ጉንዳኑ ለምን እንደመጣ ታውቃለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ባሏ ከመሞቱ በፊት ከቀፎው የቆረጠው የመጨረሻ ማር በአንዲት ትንሽ ገንቦ ተቀምጦ ነበር። ሌላው ማኅበርተኛ በተራው ጠላ ያቀርባል፤ እሷ ግን በተራዋ ጠጅ ልትጥልበት አስባለች። «ባሏ ቢሞትም ቤቷ አልሞተም» እንዲሏት። ያን ክረምት የጎረቤቷ የላቀች ባል እንየው ሳል ያዘው። መድኃኒት ተሰጥቶታል፤ ግን ጉሮሮው ደርቆ መዋጥ አቃተው። ላቀች ስኒ ይዛ መጣች።

«እትዬ ይታክቱ፣ አንዲት ማንኪያ ማር አይኖርዎትም? ጉሮሮውን ባራሰለት።»

«ሚካኤልን!» አለች ይታክቱ። «ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ጠብታ ማር እዚህ ቤት የለም።»

በልቧ «የመልአኩ ነው፣ የእኔ መች ሆነ» አለች። በሚካኤል ስም ለሚካኤል ዋሸች፣ እናንተዬ! በሦስተኛው ቀን እንየው ሞተ። ማሩ ያድነው ነበር አያድነውም ፈጣሪ ይወቅ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ይታክቱ ግን ለቅሶው ላይ ከሁሉ በላይ ጮኸች፣ ሰባት ቀን ከላቀች አጠገብ ሳትነሣ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ደግነቷን አየ።

ከዚያ በኋላ ያን ማር ማውጣት አልተቻለም። ጠጅ ብትጥለው ላቀች አንድ ጉንጭ ቀምሳ ትጠይቃለች። ብትደፋው ደግሞ የባሏ ማር ነው፣ እጇ እንቢ አለ። ክረምት ስለነበር ጎታው ባዶ ነው፤ ገፋ አድርጋ ከጀርባው ግድግዳውን ፈለፈለች፣ ገንቦውን ወተፈችና በገዛ እጇ በጭቃ መረገችው። አዝመራው ገባ፣ ጎታው እህል ሞላ፣ ማን ይንካው? ጭቃው ሲደርቅ ገንቦውን ጨምቆ ሰነጠቀው። ማሩም በግድግዳው ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለቱ በተሰማ ማግስት ከሁሉ ቀድሞ የመጣው የበኩር ልጇ ደምለው ነው። ደምለው ሦስት ልጆች አሉት፣ ላም የለውም። ነገር ማስረዘም አይወድም። ውሃ አፈላ፣ አመድ ነሰነሰ፣ ነጭ ጋዝ በጨርቅ እየነከረ ስንጥቁን ሁሉ ጠቀጠቀ። መደቡን አፈረሰ፣ ልብስና ምንጣፉን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ሰቀለ። አራት ቀን ሙሉ የራሱን እርሻ ጥሎ ዋለበት፣ ጋዙ ዓይኑን አቃጥሎት እንደ በርበሬ ቀላ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ጉንዳን በእፍኝ እየተጠረገ ወጣ።

«እማዬ፣ አንድ አልቀረም» አላት።

«እጅህ ይባረክ» አለችው። ዓይኑን ማየት ግን አልቻለችም። «ከጎታው ጀርባስ?» ብሎ ሲጠይቃት «እዚያ ደህና ነው» ብላ መለሰችው። ለልጄ ዋሸሁ ብላ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። በሳምንቱ ጉንዳኑ ተመልሶ መጣ።

ቀጥሎ የመጣው አማችዋ ጓንጉል ነው፣ ጉድጓድ ቆፋሪው። እሱም ቤት ከያዘ ገና ዓመቱ ነው፣ ሚስቱ፣ የይታክቱ ልጅ፣ ነፍሰ ጡር ናት። ጓንጉል ቤት ውስጥ አልገባም፤ ደጅ ተቀምጦ ጉንዳኑ ከየት እንደሚመጣ ሲያይ ዋለ። «እማማ፣ እዚህ የምናየው መንገደኛ ነው። አገሩ ሌላ ነው» አላት። መስመሩን በአጥሩ ሥር፣ በቦዩ ዳር ተከትሎ የበሰበሰ የግራር ጉቶ ሥር አገኘው። ሁለት ቀን ቆፈረ፣ እስከ ደረቱ ገባ። እናቲቱን ጉንዳን ከነእንቁላሏ አወጣና በእሳት ጨረሳት። እጁ ግን ተነክሶ ተነክሶ አብጦ ለሳምንት ጉርሻ እንኳ መጠቅለል ተሳነው፤ ሚስቱ ናት ያጎረሰችው።

ይታክቱ ቅቤ ልትቀባው እጁን ስትይዝ እንባዋ መጣ። «አይዞዎት፣ አያምም» አላት። እሷ ለእሱ ያዘነችለት መስሎት ነው! አሁንም ልትነግረው አስባ ቅቤውን ብቻ ቀብታ ሸኘችው። ከጥቂት ቀን በኋላ ከወዲያኛው አጥር በኩል ሌላ የጉንዳን መስመር ገባ። ማር ያለበትን ቤት አንዱ ቢሞት ሌላው ያገኘዋል።

ማኅበሩ አምስት ቀን ሲቀረው በአገሩ ወግ መሠረት የጎረቤት ሴቶች የባለ ተራዋን ቤት ሊለቀልቁ መጡ። አንዷ ጭቃ ትረግጣለች፣ አንዷ ጭድ ትበትናለች፣ ሌላዋ ግድግዳ ትይዛለች። ከሴቶቹ መካከል ላቀች ጥቁሯን እንደለበሰች አለች።

«አንቺ እንኳ ሐዘንተኛ ነሽ፣ ተይው፣ አረፍ በይ» አለቻት ይታክቱ።

«ባሌ የሞተ ጊዜ ሰባት ቀን አብረውኝ የተቀመጡ እርስዎ አይደሉ? አንድ ግድግዳ ይብዛብዎት?» አለች ላቀች፣ ከልቧ።

ከጎታው ጀርባ ያለው ግድግዳ ቀረ። ክፍተቱ ክንድ አይሞላም፣ ሴቶቹ ሁሉ ሞክረው ተመለሱ። ላቀች ግን ከሐዘኑ ወዲህ በጣም ከስታለች፤ በጎኗ ሸርተት ብላ ገባች። ይታክቱ በሩ አጠገብ እንደቆመች ቀረች። ጭቃው ጠፍ፣ ጠፍ ሲል ይሰማታል። ከዚያ ዝም አለ።  ምርጊት እኮ የእጅ ጽሕፈት ነው፣ የማን መዳፍ እንዳለፈበት ሴቶች ያውቁታል። በዚያ ላይ እርጥቡ ግድግዳ ማር ማር ይሸታል።

ላቀች አንድ ነገር በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ከይታክቱ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ይታክቱ የበሩን መቃን ያዘች። አሁን ትጮኻለች፣ አሁን ሴቶቹን ትጠራለች ብላ ጠበቀች።

«ወንዝ ወርጄ ጭቃዬን ታጥቤ ልምጣ» አለች ላቀች። ሄደች።

ከነጠላዋ ሥር ጠብ፣ ጠብ እያለ በወለሉ ላይ፣ በደጁ ላይ፣ እስከ ወንዙ መንገድ ድረስ ቀጭን መስመር ቀረ። ጉንዳኑም ከየስንጥቁ እየወጣ ያን መስመር ይዞ ከቤት ነጎደ። ሴቶቹ ምርጊቱ ያባረረው መስሏቸው «እልልልል!» አሉ። ይታክቱ ከዚያ እልልታ የባሰ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምታ አታውቅም።

ጀንበር ሳትጠልቅ ላቀች ተመለሰች። ሴቶቹ ሄደዋል። ታጥባ የነጣችውን ገንቦ አምጥታ በይታክቱ እግር አጠገብ አስቀመጠች።

«ስንጥቋን በሰም ይድፈኗት፣ ገና ታገለግላለች።»

«ላቀች... ማሩስ?»

«ለጉንዳኖቹ። ከወንዙ ማዶ አፈሰስኩላቸው። የለመነ ሁሉ ባዶ እጁን አይመለስ ብዬ።»

ይታክቱ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ላቀች ትከሻዋን ይዛ አቆመቻት። «ተዉ እትዬ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት፣ ይህንንስ አይከልክሉኝ። ለማንም እንዳይናገሩ። ልጆቼ አባታችን ማንኪያ ማር ተነፍጎ ሞተ ብለው፣ የእርስዎን ልጆች እየጠሉ እንዳያድጉብኝ።» ይህን ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። ላቀች ቤት ላም የለም፤ ልጆቿ ቆሎ በውሃ እየበሉ ነው የሚያድሩት።

የማኅበሩ ቀን ደረሰ። ጽዋው ተገለጠ፣ አንድ ጉንዳን የለበትም። ዳልቻ ከነጥጃዋ ደጅ ታስራ ትጠብቃለች። አለቃ ደባሱ መረቁና «እህ፣ ይታክቱ፣ ስለትሽስ?» አሉ።

ደምለው ተነሣ። «ከቤት ያወጣሁት እኔ ነኝ። እኔ ያን ቀን ባልጨርሰው ምንጣፉና መሶቡ ሁሉ በወረሰው ነበር። ዓይኔ ዛሬም በደንብ አያይም። የእናቴ ላም ለእናቴ ልጅ ብትሆን ምን ነውር አለው?»

ጓንጉል ተነሣ። «ደምለው ቅርንጫፉን መታ፣ እኔ ሥሩን ነቀልኩ። ስለቱ ደግሞ ለነቀለልኝ ነው የሚለው። ያ ጉቶ ሥር ያለው ቢኖር ዛሬ ይህን ሁሉ ምርጊት ቀዶት ይገባ ነበር። እጄን እዩት።»

ሴቶቹ ደግሞ ከጓዳ «ላቀችስ?» አሉ። «የወጣው እሷ ስትለቀልቅ ነው፣ በዓይናችን አየን!»

ላቀች አንገቷን ደፋች። «እኔ ምን አደረግሁ? ግድግዳ ነው የለቀለቅሁት፤ ሁላችንም ለቀለቅን» አለች።

ሰዉ ሳቀ፣ እውነቷን ነው አለ። ለምርጊት ላም የሚሰጥ ማን ነው?

ይታክቱ ደጅ ወጥታ ገመዱን ፈታች። ለደምለው ብታስይዘው ልጇ የደከመበትን አገኘ ማለት ነው፤ ግን ከጎታው ጀርባ ያለውን እያወቀች አድክማዋለች፣ ላሟም በጽዋው ፊት የውሸቷ መሸፈኛ ትሆናለች። ለጓንጉል ብታስይዘው ያው ነው፤ በዚያ ላይ ያበጠ እጅ አለ፣ የሚወለድ ልጅ አለ። ለላቀች ብታስይዘው ሰው «ለምን?» ይላታል። ከተናገረች ላቀች ለሁለተኛ ጊዜ የለመነቻትን መንፈጓ ነው። ካልተናገረች ደግሞ ዳልቻ የአፍ መዝጊያ ትሆናለች፣ ላቀችም በየማለዳው የባሏን ሞት ታልባለች። ለማንም ባትሰጥ በሚካኤል ፊት ለሁለተኛ ጊዜ ዋሸች።

እኔ ይህን ታሪክ በነገርኩበት ቤት ሁሉ ባልና ሚስት ሳይቀሩ ተጣልተዋል። ሽማግሌዎች ስለት ስለት ነው ይላሉ፣ እናቶች የላቀችን ልጆች ያነሣሉ፣ ወጣቶች ትናገር ይላሉ፣ እውነቱ ይውጣ ይላሉ። እኔ ፍርዱን አላውቀውም፣ ባውቀውም አልናገርም። እኔም ቤት የተመረገ ግድግዳ አለ።

ይታክቱ የገመዱን ጫፍ ይዛ ከደጅ ገባች። አንገቷን እንደደፋች ናት። ደምለው እጁን ዘርግቷል፣ ጓንጉል ያበጠ እጁን ዘርግቷል፣ ላቀች ሁለቱንም እጆቿን ከነጠላዋ ሥር ሸሽጋለች። ከደጅ ዳልቻ ጥጃዋን ትጣራለች።

እስቲ ፍረዱ፤ ገመዱን ለማን ታስይዝ?