የአንጓች ትከሻ

በአንድ ወቅት፣ ሴት ልጅ ጉግስ ገባች ሲባል ሽማግሌው ሁሉ «ጉድ!» በሚልበት አገር፣ አንጓች የምትባል ፈረሰኛ ነበረች። አባቷ ሲሞቱ ዳማ ፈረሳቸውንና በፈረሰኞቹ ሰልፍ ፊት የነበራቸውን ቦታ ወረሰች። አጎቷ ግን ቦታውን ለልጁ ተመኘ። ሽማግሌዎቹም «ጥምቀት ላይ ካልጋለበች ለእሱ ይሁን» ብለው ቆረጡ።

በዓሉ ሲቃረብ አንጓች ከፈረስ ወደቀች፤ ቀኝ ትከሻዋ አላስቀምጥ አላት። ጅማቱ ተበጥሶ ከሆነ፣ ዘንግ መወርወር ክንዷን ለዘለቄታው ያሳጣታል። ከሕመሙ ይልቅ ግን የአጎቷ ፈገግታ አንገበገባት።

«እውነቱን ለነገረኝ የአባቴን ኮርቻ እሰጣለሁ» አለች።

መጀመሪያ ወጌሻው ቢያድግልኝ መጣ። የተበጠሰ ጅማት አንድም አምልጦት አያውቅም፤ ችግሩ ብዙ ደህና ሰውንም «ተበጥሷል» ማለቱ ነው። ክንዷን አንስቶ ሲጫናት ጮኸች።

«ተበጥሷል። ከፈረስ ውረጂ፣ ልጄ።»

ወንድሙ አሻግሬም ወጌሻ ነው፤ እጁ ግን የተገላቢጦሽ። እሱ «ተበጥሷል» ካለ፣ በቃ ተበጥሷል። ብዙ የተበጠሰ ግን ሳያውቀው ሾልኮታል። ክንዷን ወደ ጎን ዘርግቶ ለቀቀው፤ ክንዷ ሳይወድቅ ቆመ።

«ደህና ነሽ። ጋልቢ!»

ታናሽ እህታቸው አስካለ ከተማ ፊዚዮቴራፒ ተምራ የመጣች ናት። እሷም ትከሻውን መረመረች፤ ሁለቱን ሰምታም ሳቀች።

«ጋሼ ቢያድግልኝ ‹ደህና ነሽ› ቢልሽ አምነው ነበር፤ አሻግሬም ‹ተበጥሷል› ቢልሽ። ሁለቱም የነገሩሽ የማይታመኑበትን ቃል ነው። እኔም አላውቅም። ጥምቀቱ ይለፍና ደግመን እንይሽ።»

«ይለፍ? ከነቦታዬ?» የአንጓች ደም ፈላ። «ትከሻው የእኔ ነው! እናንተ እስክታውቁት አልጠብቅም!»

በበዓሉ ቀን አጎቷ እያየ ዳማውን አስፈነጠረችው፤ የልጁን ጋሻም በዘንጓ ጧ አደረገችው። እልልታው ቀለጠ፤ ቦታዋ ጸና። ቀኝ ክንዷ ግን ከዚያ ወዲህ ከጆሮዋ በላይ ተነስቶ አያውቅም።

ሦስቱም ኮርቻውን ሊጠይቁ መጡ።

«አላልኩሽም?» አለ ቢያድግልኝ።

«እኔ ሳየው ደህና ነበር፤ የበጠሰው ውርወራው ነው» አለ አሻግሬ። «ደግሞስ ‹ጋልቢ› ባልል ቦታሽ ይኖር ነበር?»

«ያላወቀውን ‹አውቃለሁ› ያላለ ከእኔ ሌላ ማን አለ?» አለች አስካለ።

አንጓች በግራ እጇ ልጓሙን ይዛ ኮርቻው ላይ ተደላድላለች። «እውነቱን ነግሬሻለሁ የሚል ይምጣና ያውርደኝ!» አለች።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ኮርቻው የሚገባው ለማን ነው?